በአሮጌ ካምፐር ቫን ውስጥ ያለ የፕሮፔን ፍሪጅ ሲያስቸግር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በዋናነት የሚመለከቱት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለአሜሪካ ገበያ በቀረበው የቮልስዋገን ቫናገን ዌስትፋሊያ ካምፐር ውስጥ የሚገኘውን፣ ዶሜቲክ አር ኤም 182 የተባለውን ትንሽ ፍሪጅ ነው። በሌላ መኪና ውስጥ ያለ የዚያው ዘመን የጋዝ ፍሪጅ መጠኑና የቁልፎቹ አቀማመጥ ቢለይም አሠራሩ ተመሳሳይ ስለሆነ፣ የምርመራው ቅደም ተከተል ለእርሱም ያገለግላል።

ይህ ፍሪጅ በእሳት የሚያቀዘቅዘው እንዴት ነው?

በየቤታችን ያለው ፍሪጅ ቅዝቃዜ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክ በሚያንቀሳቅሰው ኮምፕረሰር ነው። የጋዝ ፍሪጅ ግን ኮምፕረሰርም ሆነ ሌላ የሚሽከረከር አካል የለውም። በተበየዱት የብረት ቱቦዎቹ ውስጥ ውሃ፣ አሞኒያና ሃይድሮጂን ታሽገዋል። ከታች ያለው ትንሽ እሳት ውሃና አሞኒያ የተቀላቀሉበትን ፈሳሽ ሲያሞቀው አሞኒያው ተንኖ ወደ ላይ ይወጣል፤ በፍሪጁ ጀርባ ባሉት ክንፍ መሰል ብረቶች በኩል ሙቀቱን ለአየር ሰጥቶ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል፤ ከዚያም ወደ ፍሪጁ ውስጠኛ ክፍል ወርዶ ከሃይድሮጂን ጋር ሲገናኝ እንደገና ይተንና በዙሪያው ያለውን ሙቀት ይወስዳል። በመጨረሻም ውሃው አሞኒያውን መልሶ ስለሚመጠው ዑደቱ እንደ አዲስ ይጀምራል። ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1922 የፈለሰፉት ባልትሳር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የተባሉ ሁለት የስቶክሆልም የምህንድስና ተማሪዎች ናቸው።

ኤሌክትሪክ ባልደረሰባቸው የአገራችን ጤና ጣቢያዎች ያገለገለ ባለሙያ ይህን ፍሪጅ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ክትባት ይቀመጥባቸው የነበሩት የላምባ ፍሪጆች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነበር፤ ልዩነቱ የሙቀቱ ምንጭ ብቻ ነው። እነዚያን ፍሪጆች ለመንከባከብ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች፣ ማለትም ንጹሕ ሰማያዊ ነበልባል፣ ያላዘነበለ አቀማመጥና በጀርባ በኩል በነፃነት የሚዘዋወር አየር፣ ለካምፐር ፍሪጅም የብልሽቱን አብዛኛውን ምክንያት ይነግሩናል።

ፍሪጄ አያቀዘቅዝም። ምርመራውን ከየት ልጀምር?

በመጀመሪያ ሊለዩት የሚገባው ጉዳይ፣ ችግሩ ያለው ሙቀት በሚያመነጨው ክፍል ነው ወይስ በታሸገው የማቀዝቀዣ ክፍል የሚለው ነው። ይህን ሳይለዩ ማቃጠያውን መፍታት ወይም ዕቃ መግዛት ጊዜንም ገንዘብንም ያባክናል። ደግነቱ እነዚህ ፍሪጆች በሦስት መንገድ ይሠራሉ፦ በፕሮፔን፣ ከመኪናው ባትሪ በሚመጣ 12 ቮልትና ከቤት በሚመጣ 120 ቮልት። ሦስቱም የሚያሞቁት ያንኑ አንድ የማቀዝቀዣ ክፍል ነው።

ስለዚህ መኪናውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ የፍሪጁን ወለል በውሃ ልክ ያረጋግጡ፤ ጋዙን ይዝጉና ፍሪጁን በ120 ቮልት አብርተው ያሳድሩት። ይህ ፍሪጅ በተፈጥሮው ዝግተኛ ስለሆነ በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊፈርዱበት አይገባም፤ በደንብ ለመቀዝቀዝ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ሊፈጅበት ይችላል። የመለኪያዎ ንባብ እንዳያወዛውዝዎ ቴርሞሜትሩን አየር ላይ ከማስቀመጥ ይልቅ ውሃ በሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ይንከሩት።

ጠዋት ላይ ቀዝቅዞ ካገኙት የማቀዝቀዣው ክፍል ደኅና ነው፤ ችግሩ በጋዙ በኩል ስለሆነ ሊጠገን ይችላል። ካልቀዘቀዘ ደግሞ በጀርባው በኩል የማሞቂያውን አካባቢ ሳይነኩ በጥንቃቄ ይመርምሩ። ማሞቂያው በጣም እየጋለ ውስጡ ግን ካልቀዘቀዘ የፈሳሹ ዝውውር ቆሟል ማለት ነው። ማሞቂያው ራሱ ካልሞቀ የ120 ቮልቱ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት የሚለውጠው አካል) ተቃጥሎ ወይም ገመዱ ተበጥሶ ሊሆን ስለሚችል፣ በማቀዝቀዣው ክፍል ላይ ገና መፍረድ አይቻልም።

ጋዙን ብከፍትም እሳቱ አልያዝ ይላል። ለምን?

በቫናገን ላይ ብዙ ሰው የሚማረርበት ጥያቄ ይህ ስለሆነ ሰፋ ያለ መልስ ይገባዋል። የዚህ ፍሪጅ ማቃጠያ የሚገኘው በታሸገ ሣጥን ውስጥ ሲሆን፣ ለእሳቱ የሚያስፈልገውን አየር የሚስበውም ሆነ የተቃጠለውን ጭስ የሚያስወጣው በመኪናው ጎን ባለው ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ ነው። ይህ አሠራር ጭሱን ከመኝታችን ስለሚያርቅ ትልቅ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን በሣጥኑ ውስጥ የቆየ ጭስ፣ እርጥበት ወይም ያልተቃጠለ ጋዝ ከቀረ ብልጭታው ቢኖርም እሳቱ አይያዝም። በፍሪጁ ፊት ላይ ያለችው ትንሽ የእጅ ፓምፕ የተሠራችው ለዚህ ነው፤ ንጹሕ አየር እያስገባች ሣጥኑን ታጸዳለች።

ሲያበሩ የኤሌክትሪክ ቁልፎቹን ሁሉ ያጥፉ፤ የሲሊንደሩን ቫልቭ ይክፈቱ፤ የሙቀት መቆጣጠሪያውን ወደ ከፍተኛው ያዙሩ። ከዚያም የጋዙን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ ፓምፑን ደጋግመው ይምቱ፤ ወዲያውም መለኮሻውን እየተጫኑ ከታች ባለችው መመልከቻ ነበልባሉን ይፈልጉ። መኪናው ለወራት ቆሞ ከነበረ ቱቦው በአየር ስለሚሞላ ጋዙ እስኪደርስ ድረስ ብዙ መሞከር ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ የመኪናውን ሌላ የጋዝ ምድጃ ቀድሞ መለኮስ ሥራውን ያቀላል፤ ምድጃው በደንብ ከነደደ በሲሊንደሩ ውስጥ ጋዝ መኖሩንና መስመሩ እስከዚያ ድረስ ክፍት መሆኑን አረጋገጡ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበራ መለኮሻው ብልጭታ መስጠቱን በጨለማ ያጣሩ። ሸክላው የተሰነጠቀ ወይም ጫፉ የዛገ መለኮሻ ድምፅ እያሰማም ቢሆን ብልጭታውን ሌላ ቦታ ያፈሰዋል። ብልጭታው ካለ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ጂግለሩ፣ ማለትም ጋዙን ወደ ማቃጠያው በቀጭኑ የሚረጨው ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብረት ነው። ቀዳዳው ከሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የማይበልጥ በመሆኑ ትንሽ ዝገት ወይም ሸረሪት ያደራችው ድር ይደፍነዋል። ጂግለሩን ፈትተው በአልኮል ይንከሩትና በአየር ይንፉት። በመርፌም ሆነ በሽቦ ፈጽሞ አይውጉት፤ ቀዳዳው ጥቂት ከሰፋ የጋዙ መጠን ይዛባና እሳቱ ጥላሸት የሚያወጣ ይሆናል። ሣጥኑን ከከፈቱ በኋላ ሲዘጉት ማሸጊያውን በአዲስ መተካት የማይታለፍ ግዴታ ነው፤ የታሸገው ሣጥን ከተነፈሰ ጭሱ ወደ መኝታ ክፍሉ ይገባል።

እሳቱ ይያዛል፤ ቁልፉን ስለቅ ግን ይጠፋል።

ይህ አብዛኛውን ጊዜ የቴርሞኮፕል ችግር ነው። ቴርሞኮፕል በነበልባሉ ውስጥ የሚቆም የብረት ዘንግ ሲሆን፣ ሲግል ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት የሚሆን እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ይህም ኤሌክትሪክ የጋዙን ቫልቭ በማግኔት ከፍቶ ይይዘዋል። እሳቱ በድንገት ቢጠፋ ዘንጉ ሲቀዘቅዝ ቫልቩ በራሱ ይዘጋል። ስለዚህ መጀመሪያ ቁልፉን ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው በመቆየት ዘንጉ በደንብ እንዲግል ያድርጉ። ካልረዳ ጫፉ በነበልባሉ መካከል መሆኑን ይመልከቱ፤ ከቫልቩ ጋር የሚገናኝበትንም ጫፍ በስስ የብርጭቆ ወረቀት ያጽዱ። መልቲሜትር ያለው ሰው ቮልቴጁን ለክቶ በቂ ከሆነ ችግሩን ከማግኔቱ ሊፈልገው ይችላል።

ቁልፉ እንዳይለቅ በገመድ ወይም በቁራጭ እንጨት አስሮ ማዋል በፍጹም አይገባም። ይህን የሚያደርግ ሰው ቤተሰቡ በተኛበት መኪና ውስጥ ያለውን ብቸኛ የጋዝ መከላከያ ያሰናክላል።

ነበልባሉ ቢጫ ነው። ችግር አለው?

አለው። ጤናማ ነበልባል ሰማያዊና የተረጋጋ ነው። ቢጫ ቀለም አየር ማነሱን፣ ማቃጠያው መቆሸሹን ወይም የጋዙ ግፊት መዛባቱን ያመለክታል፤ ውጤቱም ጥላሸትና ሽታ የሌለው ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ፍሪጁን አጥፍተው ማቃጠያውንና የጭስ ማውጫውን ያጽዱ። በጭስ ማውጫው ውስጥ ተንጠልጥላ የምትገኘውን የተጠመዘዘች ብረት ሳይመልሱ እንዳይገጥሙ ይጠንቀቁ፤ ሙቀቱን በማሞቂያው ላይ የምታቆየው እርሷ ናት። ግፊቱን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ለእነዚህ ፍሪጆች የሚያስፈልገው 11 ኢንች የውሃ ግፊት ወይም 28 ሚሊባር ገደማ ነው፤ ይህንም የሚለካው ማኖሜትር ያለው የጋዝ ባለሙያ ነው። የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ሬጉሌተር መኪናው ሲሠራ የተገጠመው ከሆነ፣ በእኔ እምነት፣ ሳይለኩትም መቀየር ተገቢ ነው፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ ከዕድሜ ብዛት ይደርቃል።

ሜዳ ላይ በደንብ ይሠራ የነበረው ፍሪጅ ተራራ ላይ ለምን ይጠፋል?

ከፍታው ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ጂግለሩ ግን የሚያሳልፈው የጋዝ መጠን ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ነው። ስለዚህ ነበልባሉ ከአየሩ አንጻር ጋዝ ይበዛበትና ይንቀጠቀጣል፣ ጥላሸት ያወጣል ወይም ይጠፋል። ችግሩ ጎልቶ መታየት የሚጀምረው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር አካባቢ ጀምሮ ነው። ዴንቨርና አውሮራ የሚኖሩ ወገኖቻችን 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ሆነው ቤታቸው ደጃፍ ላይ እንደ ልብ የሚሠራው ፍሪጅ፣ በሮኪ ማውንቴን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከ3,700 ሜትር በላይ ወደሚደርሰው የትሬይል ሪጅ መንገድ ሲወጡ አልነድ ቢላቸው የሚያስደንቅ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ እንዲህ ያለውን መኪና ወደ አገር ቤት ለመላክ የሚያስብ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል።

መፍትሔው ጂግለሩን መነካካት አይደለም። ሣጥኑ ሳይጸዳ ቀርቶ ችግሩን እንዳያባብሰው ማቃጠያውን ከጉዞ በፊት ማጽዳት፣ ለማብራት ሲሞክሩ ፓምፑን ከወትሮው አብዝቶ መምታትና የሙቀት መቆጣጠሪያውን ከፍ ማድረግ ይረዳል፤ ዝቅ ብሎ የሚነደው ትንሽ ነበልባል ቀድሞ የሚጠፋ ነውና። እንደዚያም ሆኖ ካልተቻለ ፍሪጁን ማታ በ120 ቮልት አቀዝቅዞ በረዶ ጨምሮበት መሄድ የተሻለ ነው።

መኪናው ትንሽ ቢያዘነብል ምን ይሆናል?

ፈሳሹን የሚያንቀሳቅሰው ፓምፕ ሳይሆን የስበት ኃይል በመሆኑ፣ መኪናው ባዘነበለ መሬት ላይ ሲቆም ፈሳሹ ወደ ማሞቂያው መመለሱን ትቶ በአንድ ጥግ ይጠራቀማል። ማሞቂያው በደረቁ ሲግል ደግሞ ብረቱን ከዝገት ለመከላከል የተጨመረው ሶዲየም ክሮሜት ይጠጥርና ቀጭኑን ቱቦ ይደፍናል። ይህ ጉዳት አንድ ጊዜ ከደረሰ የሚመለስ አይደለም። ሰዎች እርጅና ያመጣው ነው የሚሉት የፍሪጅ ሞት፣ ብዙውን ጊዜ ዓመታት ያስቆጠረ የአቀማመጥ ቸልተኝነት ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ። በጉዞ ላይ ሳሉ መንገዱ ቢያዘነብል ግን እንቅስቃሴው ፈሳሹን ስለሚያናውጠው አያሳስብም። የሚጎዳው ባዘነበለ ቦታ ቆሞ ለሰዓታት እየሠራ መቆየቱ ነው። በጎማ ሥር የሚገባ ደረጃ መሰል መደገፊያና ትንሽ ውሃ ልክ ይዞ መጓዝ ለዚህ ፍሪጅ የሚደረግ ዋና እንክብካቤ ነው።

በ12 ቮልት ለምን አያቀዘቅዝም?

12 ቮልት የተዘጋጀው ቀድሞ የቀዘቀዘን ፍሪጅ በጉዞ ላይ እንዳይሞቅ ለመጠበቅ እንጂ ከመነሻው ለማቀዝቀዝ አይደለም። ለምሳሌ የሬዚስታንሱ ኃይል 100 ዋት ቢሆን 8.3 አምፔር ይስባል፤ 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በዚህ ዓይነት ከ6 ሰዓት በኋላ ግማሹን አጥቷል። በዌስትፋሊያ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ፍሪጁን ከባትሪው የሚነጥል ሪሌ የተገጠመውም በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ እየሠራ ካልሞቀ ፊውዙን፣ ሪሌውንና የገመዱን መጋጠሚያዎች ይመርምሩ። በቀጠነ ወይም በዛገ ገመድ ምክንያት ፍሪጁ ጋ የሚደርሰው 10.5 ቮልት ብቻ ከሆነ፣ ማሞቂያው ከኃይሉ ሩብ የሚጠጋውን ያጣል። ሬዚስታንሱን ነቅለው በኦም ሊለኩት ይችላሉ፤ ያው 100 ዋት በ12 ቮልት 1.44 ኦም፣ በ120 ቮልት ደግሞ 144 ኦም ማሳየት አለበት።

የአሞኒያ ሽታ ይሸተኛል፤ በጀርባውም ቢጫ ዱቄት አየሁ።

ፍሪጁን ወዲያውኑ ያጥፉ፤ በሮቹን ሁሉ ከፍተው ይውጡ። የታሸገው ክፍል ተነድሏል ማለት ነው። በውስጡ ያለው አሞኒያ ዓይንንና ሳንባን የሚጎዳ ሲሆን፣ ሃይድሮጂኑ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው። ቢጫው ዱቄት ከፈሳሹ ጋር የወጣው ሶዲየም ክሮሜት ስለሆነ መርዛማ ነው፤ በባዶ እጅ አይንኩት፣ አይጥረጉት፣ ልጆችንም ያርቁ። ቱቦዎቹ ከ20 ባር በላይ ግፊት ይዘው ሊገኙ ስለሚችሉ ቀዳዳውን በብየዳ ለመድፈን ማሰብ ለሕይወት አደገኛ ነው። የዚህ ፍሪጅ የማቀዝቀዣ ክፍል በሙሉው ይቀየራል እንጂ በጋራዥ አይጠገንም።

ፍሪጁን ገልብጦ ማሳደር ያድነዋል የሚባለው እውነት ነው?

አንዳንድ ጊዜ ይሠራል። ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ በቆመ ፍሪጅ ውስጥ ፈሳሹ በማይገባው ቦታ ተኝቶ ከሆነ፣ ፍሪጁን ነቅሎ መገልበጥና ማገላበጥ ወደ ቦታው ሊመልሰው ይችላል። የጠጠረ ሶዲየም ክሮሜት ቱቦውን ደፍኖት ከሆነ ግን ጥቅሙ ጊዜያዊ ነው። የሽታ ወይም የቢጫ ዱቄት ምልክት ያለበትን ፍሪጅ ለዚህ ሙከራ አይጠቀሙበት። ከገለበጡ በኋላም ፍሪጁን አቁመው አንድ ቀን ያህል ሳይለኩሱ ያቆዩት።

ጋዝ አለመፍሰሱን እንዴት አረጋግጣለሁ?

ፕሮፔን ከአየር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ ከፈሰሰ ወለል ላይ ይተኛል። የጋዝ ጠቋሚው መሣሪያ ከታች፣ ወለሉ አጠገብ የሚገጠመውም ለዚህ ነው። መጋጠሚያዎችን ሁሉ በሳሙና ውሃ ቀብተው አረፋ የሚያወጣ ካለ ይመልከቱ፤ በክብሪት መፈተሽ ክልክል ነው። አረፋ ካዩ ሲሊንደሩን ዘግተው ለባለሙያ ያሳዩ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚጠቁመው መሣሪያ የተለየ ስለሆነ ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ሁለቱም የአገልግሎት ዘመን ስላላቸው በላያቸው ላይ የተጻፈውን ጊዜ ያንብቡ።

ሲሊንደሩ መሞላት ያለበት እስከ 80 በመቶ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ፈሳሹ ጋዝ ወደ ሬጉሌተሩ ይገባና ያበላሸዋል።

በጉዞ ላይ ፍሪጁን በጋዝ አብርቼ መንዳት እችላለሁ?

አልመክርም፤ ለጉዞ 12 ቮልቱ አለ። ነዳጅ ማደያ ከመግባትዎ በፊት ግን እሳቱ መጥፋቱ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው፤ በመኪናው ጎን ባለው ቀዳዳ ውስጥ የሚነድ እሳት ከቤንዚን ተን ጋር ሊገናኝ ይችላል። አንዳንድ ዋሻዎችም ፕሮፔን የያዙ መኪኖችን ይገድባሉ። ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ኒውዮርክ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉት የባልቲሞር ዋሻዎች ከእነዚህ ውስጥ ስለሆኑ፣ ከመነሳትዎ በፊት ደንባቸውን አንብበው በዙሪያው የሚያልፈውን መንገድ ይምረጡ።

ሥጋ ይዤበት መሄድ እችላለሁ?

ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መቆየቱን በቴርሞሜትር ካረጋገጡ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ይህ ፍሪጅ የሞቀን ነገር በፍጥነት የማቀዝቀዝ አቅም የለውም፤ በጣም ሞቃት ቀን ሲሆን ደግሞ የባሰ ይዳከማል። ስለዚህ ምግቡን ቤት ውስጥ አቀዝቅዘው ያስገቡ፤ በዕቃዎቹ መካከል አየር እንዲዘዋወር ክፍተት ይተዉ፤ መኪናውን የፍሪጁ ጎን ጥላ እንዲያገኝ አድርገው ያቁሙ። የበሩ ጎማ መያዙን ወረቀት ጣል አድርገው በመዝጋት ይፈትሹ፤ ወረቀቱ ያለ ችግር ከወጣ አየር ያስገባል። በጀርባው ያሉትን ክንፎች የሚያናፍስ ትንሽ የ12 ቮልት ማራገቢያ መጨመር በሙቀት ጊዜ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ሳይበስል ለሚበላ ክትፎ ግን በዚህ ፍሪጅ አልተማመንም፤ ለዚያ በረዶ የሞላ ሣጥን ይያዙ።

መቼ ተስፋ ቆርጬ ልቀይረው?

የማቀዝቀዣው ክፍል ከተነደለ ወይም በሦስቱም መንገድ እየሞቀ ማቀዝቀዝ ካቃተው መቀየሩ ይሻላል። ዛሬ ብዙዎች በምትኩ የሚገጥሙት በ12 ቮልት የሚሠራ ባለ ኮምፕረሰር ፍሪጅ ነው። ከፍታም ሆነ መጠነኛ ማዘንበል አያውከውም፤ ነገር ግን ሁለተኛ ባትሪና ብዙ ጊዜም የፀሐይ ፓነል ይፈልጋል። በአንድ ቦታ ለቀናት ጸጥ ብሎ መቆየት የሚወድ፣ የጋዝ ክፍሉም ደኅና የሆነለት ሰው አሮጌውን ቢያቆየው እመርጣለሁ፤ በቀን ጥቂት መቶ ግራም ፕሮፔን ብቻ ወስዶ ባትሪ ሳይነካ ይሠራል። ከቀየሩት ግን የቀረው የጋዝ ቱቦ በትክክለኛ መዝጊያ በባለሙያ መዘጋት አለበት፤ በመኪናው ጎን ያለው የጭስ ቀዳዳም ይደፈን። አሮጌውን ፍሪጅ ደግሞ አሞኒያ እንዳለበት ተናግረው ለሚቀበል የቆሻሻ ማስወገጃ ጣቢያ ያስረክቡ እንጂ ቱቦዎቹን ቆርጠው አይጣሉት።